አባቴ የሰው ቤት እህል ያልቀመሰበት በጋ

አብራኝ የምትሠራ ልጅ በጾም ቀን ምሳዋን እዚያው ቢሮ ታዘጋጃለች። ከመሳቢያዋ አንድ የፕላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን ታወጣና በሶ ትጨምርበታለች፤ ጨው ነስነስ አድርጋ በውሃ ታሸዋለች። የተቆላ ገብስ ሽታ ክፍሉን ሲሞላው እኔ አንድ ወረቀት አንስቼ ወደ ኮሪደሩ እወጣለሁ። አንድ ቀን "አትወጂም እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። "ሆዴን ይነፋኛል" አልኳት። ውሸቴን ነው። በሶ ሆዴን ነፍቶኝ አያውቅም። ሽታው የሚያመጣብኝን ነገር ቆሜ፣ በኮሪደር፣ ለሥራ ባልደረባ መንገር ስለማልችል ነው።

የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ቢቸና ነው። በዚያ ዓመት እናቴ ታናሽ ወንድሜን አርግዛ ሐኪም ከአልጋ እንዳትነሳ አዟት ነበር። አባዬ ደግሞ ለገበሬው የመሬት ደብተር ሊሰጥ ነው ተብሎ በተጀመረው ልኬት ሞጣ አካባቢ ተመደበ፤ እኔንም ይዞኝ ሊሄድ ተወሰነ። የደረሰው ቀበሌ የተወለደበት ነበር። ምድቡን በሰማበት ቀን እራቱን ሳይጨርስ ተነሳ።

"ምነው? አገርህ አይደል?" አለችው እናቴ።

"እሱ ነው የከበደኝ" አላት።

እኔ የከበደው መንገዱ መሰለኝ። እውነትም መንገዱ ከባድ ነበር። አውቶቡሱ በጠጠሩ ላይ ሲንገጫገጭ፣ አቧራው በመስኮቱ ሲገባ፣ አባዬ አንድም ቃል ሳይናገር ሞጣ ሲደርስ "ይኸው፣ ይሄን ፈርቶ ነው" ብዬ አዘንኩለት።

አባዬ ቀያሽ ነበር። ቢቸና ውስጥ ቦይ ሲቀደድ፣ የቤተክርስቲያን አጥር ሲታጠር፣ ሁለት ጎረቤት በአጥር ሲጣላ፣ እሑድ ጠዋት የእኛ በር ይንኳኳል። አባዬ ሜትሩን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ይወጣና ከሰዓት በኋላ ጭቃ ለብሶ ይመለሳል። እናቴ "ለእኛስ አንድ እሑድ መቼ ትለካልናለህ?" እያለች ትቀልድበት ነበር። በተወለደበት ቀበሌም ስሙ የታወቀ ነው። ከመንደሩ ወደ ሞጣ የሚያወጣውን መንገድ መስመር ያወጣላቸው እሱ ነው፤ በዓመት ፈቃዱ፣ እነሱ በዶማ እሱ በገመድ። ስንደርስ ሴቶች ከየደጃፋቸው ወጥተው ጉንጩን እየሳሙ "ይርጋ መጣ! የመንገዱ አባት መጣ!" ሲሉ ሰምቼ፣ ደረቴ በኩራት ሊፈነዳ ነበር።

አያቴ፣ አያ ታከለ፣ ሚስታቸው ከሞቱባቸው ወዲህ ከአባዬ ታላቅ እህት ከእቴቴ ጋር ነበር የሚኖሩት። ረጅምና አጥንታም ሰው ናቸው፤ ንግግራቸው አጭር ነው። የነቢያት ጾም ከመያዙ በፊት ባለው የመጨረሻ እሑድ ጎረቤታቸው አያ ስማቸው በግ አርደው ሁላችንንም ጠሩን። አያ ስማቸው አባዬ ልጅ ሆኖ ከዛፍ ወድቆ እግሩ ሲሰበር በጀርባቸው አዝለው ሞጣ ጤና ጣቢያ ያደረሱት ሰው ናቸው። ቤታቸው በሰው ተሞልቷል። ቀዩ ወጥ ቀርቦ እጅ ሊታጠብ ሲል አባዬ ከመቀመጫው ተነሳ።

"አያ ስማቸው፣ ቅር እንዳይልዎ። ልኬቱ እስኪያልቅ ከማንም ቤት እህል አልቀምስም።"

"ከማንም? እኔን ነው ማንም የምትለኝ?"

"የእርስዎም መሬት ይለካል።"

"መሬቱ ይለካ እንጂ! በጉ ምን አጠፋ?"

ቤቱ ሳቀ። የአያ ስማቸው ባለቤት ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው መጡ። "በሞቴ ይርጋዬ፣ አንዲት ብቻ። በሞቴ አልኩህ!" አባዬ እጆቹን ወደኋላ አጣምሮ ቆመ። ሴትየዋ ክንዳቸውን እንደዘረጉ ቆዩ። መረቁ ከጉርሻው እየተንጠባጠበ በክንዳቸው ቁልቁል እስከ ክርናቸው ወረደ። ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። ጉርሻውን ወደ እኔ ሲያዞሩት አባዬ ትከሻዬን ያዘ። ሆዴ ጮኸ፤ ሰው ሁሉ የሰማው መሰለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ አያቴ በከዘራቸው መሬቱን እየወጉ ይሄዱ ነበር።

"ምን ነካህ?"

"አባባ፣ ወዲያ ማዶ ባለው ቀበሌ አንዱ ቀያሽ በግ በላ ተብሎ ልኬቱ በሙሉ ተሠርዟል። ሰው ተፈነካክቷል። አንድ ቤት ከበላሁ ሁሉም ቤት መብላት አለብኝ።"

"ሁሉም ቤት ብላ ታዲያ! ሆድህ ጠበበህ?"

"ሁሉም ቤት በልቼ የማንን መሬት በምን አፌ ቀነሰ እላለሁ?"

አያቴ ቆሙ። "ስማኝ ይርጋ። አንተ ገመድህን ጠቅልለህ ቢቸና ትገባለህ። እኔ እዚሁ ነኝ የምቀበረው። የሚቀብሩኝም እነዚህ ናቸው።"

"ሲያልቅ በየቤቱ እየዞርኩ እበላለሁ፣ አባባ። አንድም ቤት አልዘልም።"

አያቴ መንገዳቸውን ቀጠሉ። በማግስቱ የባሰ መጣ። ምንጭ ዳር ሴቶቹ "የአባቱን እንጀራ ግን ይበላል፤ የአባቱ መሬት አይለካም እንዴ?" ሲባባሉ እቴቴ ሰምታ መጥታ ተናገረች።  ቅዳሜ አባዬ ሞጣ ገበያ ወርዶ ገብስ ገዛ፤ ባቄላም ጨመረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባቱን እንጀራም ተወ።

ገብሱን እቴቴ እያለቀሰች ቆላችው። ተፈጭቶ በሶ ሲሆን ማሸቱ የእኔ ሥራ ሆነ። ጠዋት ጠዋት፣ ብርዱ ጣቴን እያደነዘዘው፣ በሶውን በውሃና በጨው አሽቼ ጭብጦ አደርገዋለሁ፤ እሱን በጨርቅ ቋጥሬ በአባዬ የሸራ ቦርሳ ውስጥ ከገመዱ ጋር አስቀምጣለሁ። ገመዱ በየሜትሩ የተቋጠረ ነው፤ የበሶ ሽታ ገመዱ ውስጥ ሳይቀር ገባ። ማታ ደግሞ አያቴ ከእቴቴ ጋር ከአንድ ሌማት ሲበሉ፣ አባዬ ከመደቡ ማዶ ተቀምጦ ባቄላውን ይቆረጥማል። በዚያ ቤት ውስጥ በሁለቱ መሀል የሚሰማው የባቄላው ድምፅ ብቻ ነበር።

ለምን እንደማይበላ በራሴ ምክንያት አግኝቼለት ነበር። እዚያው ትምህርት ቤት ገብቼ ነበር፤ ትምህርት በሌለበት ቀን ከእሱ ጋር ማሳ እወርዳለሁ። ገመዱ ይዘረጋል፤ የኮሚቴው ሰዎች ጫፍና ጫፉን ይይዛሉ፤ ባለመሬቱና ጎረቤቶቹ ወሰኑን እየመሩ ይሄዳሉ። አባዬ ቁጥር ይጠራል፤ ወዲያው ባለመሬቱ "እንዴ! አነሰብኝ!" ብሎ ይጮሃል። ሁልጊዜ ያንሳል፤ በዛልኝ ያለ ሰው አልሰማሁም። ስለዚህ ገመዱ መሬት የሚበላ መሰለኝ። ከእያንዳንዱ ሰው ማሳ ትንሽ ትንሽ ይበላል፤ አባዬ የሚጾመው ደግሞ ቢያንስ እሱ እንዳይጨምርባቸው ነው። እኔም ላግዘው ብዬ ማሳ በምወርድበት ቀን ቁርስ መብላት አቆምኩ። አንድ ቀን ራሴን አዙሮኝ ድንበሩ ላይ ቁጭ ስል አባዬ "ምን በላሽ?" አለኝ። "ምንም" አልኩት። ፈገግ እንደሚልልኝ ጠብቄ ነበር። ፊቱ ጠቆረ፤ ከቦርሳው ጭብጦውን አውጥቶ ሙሉውን አበላኝ። ያን ቀን እሱ ምንም አልበላም።

ሌላም የተሳሳትኩት ነገር ነበር። አያ ስማቸው አባዬን "አንተ" ማለት ትተው "እርስዎ" ማለት ጀመሩ። "ጋሽ ይርጋ፣ እንዴት አደሩ?" ይላሉ፣ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው። ሌሎቹም ተከተሉ። እኔ ክብር መሰለኝ። ለአያቴ "ሁሉም አባዬን ያከብሩታል" ብዬ ስነግራቸው "አዎ የኔ ማር፣ እንግዳ ይከበራል" አሉኝ። ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ ደግሞ "አባትሽ እጃችንን ይፀየፋል አሉ" አለችኝ።  የያዘችውን የውሃ ጣሳ ተቀብያት፣ ሳልጠማ፣ እስኪያልቅ ጠጣሁት።

ገና ካለፈ በኋላ አያቴ ሳል ጀመራቸው። አንድ ጠዋት በሶ ሳሸት መጥተው አጠገቤ ተንበረከኩ። ከጋቢያቸው ውስጥ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ አወጡ፤ የቤታችን ላም ቅቤ ነው።

"አብረሽ እሺው። እንዳትነግሪው።"

"ያውቃል አባባ።"

"አያውቅም። በውሃ ብቻ ሰው ይከሳል። አየሽው አይደል አንገቱን?"

ቅቤውን ጨመርኩት። ጭብጦው ለስላሳ ሆነ፤ እጄ ቀኑን ሙሉ ሸተተ። ረፋድ ላይ ማሳው ዳር አባዬ አንድ ጊዜ ገመጠና ማኘኩን አቆመ።  ከዚያ የጎረሰውን ዋጠው፤ የቀረውን መልሶ ቋጠረው። ማታ ቤት ስንገባ ቋጠሮውን ከአያቴ ፊት መደቡ ላይ አስቀመጠ።  አያቴ አንስተው ለውሻው ጣሉለት።

ከአስተርእዮ ማርያም በኋላ፣ ባልጠበቅነው ጠዋት፣ አያቴ ሞቱ።

ሰው ሁሉ መጣ። ይህን ሳልናገር ባልፍ መበደል ይሆናል። ወንዶቹ ጉድጓዱን ቆፈሩ፣ ዳስ ጣሉ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ። አያ ስማቸው ቃሬዛውን ከፊት ይዘው ቤተክርስቲያን ድረስ ሲሄዱ ለማንም አልቀየሩም፤ መቃብሩ ላይ "ታከለ ወንድሜ!" ብለው ሲጮኹ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። አባዬን አየሁት። ፊቱ ላይ ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ እፎይታም ነበር። አባቱን ቀበሩለት።

ከቀብር መልስ ሰዎቹ እጃቸውን ታጠቡ፣ ከንፍሮው ቆነጠር አድርገው ቀመሱ፣ ትንሽ ተቀምጠው ተነሱ።

በእኛ አገር ሐዘን ቤት ምድጃ አይነድም። ጎረቤት በየተራ እንጀራና ወጥ ይዞ ይመጣል፤ እዝን ይባላል። እቴቴ ሌማቱን ጠርጋ አዘጋጅታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በር በሩን ታይ ነበር። መሸ። ማንም አልመጣም። ዳሱ ውስጥ ሦስታችን ብቻችንን ቀረን። በማግስቱም ረፋዱ አለፈ። እቴቴ "ዛሬ ገበያ ስለሆነ ይሆናል" አለች። የገበያ ቀን አልነበረም።

ወደ ቀትር ላይ አያ ስማቸው ከአራት አምስት ሰው ጋር ሊያስተዛዝኑ መጡ፤ ባዶ እጃቸውን ነበር። ተቀመጡ።  እቴቴ አልቻለችም።

"አያ ስማቸው፣ አባቴ የእናንተን ሐዘን ባዶ እጁን ደርሶ ያውቃል?"

"ኧረ በጭራሽ! ታከለን የመሰለ ሰው የት ይገኛል" አሉ አያ ስማቸው ዝግ ብለው። "እኛማ ለጋሽ ይርጋ አስበን ነው። የመሬታችን ነገር ገና አላለቀም። እዝኑ ጉቦ እንዳይሆንባቸው ፈርተን ነው እንጂ።"

አንዱ ሰውዬ በጋቢው አፉን ሸፍኖ ሳለ፤ ሳል አልነበረም። አባዬ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ጆሮው ብቻ ቀላ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ እትዬ የሺ መጣች። እትዬ የሺ ከአባዬ ጋር አብራ ያደገች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ማሳዋ ከአያ ስማቸው ማሳ ጋር ይዋሰናል። ሌማት ተሸክማለች። ከፍታ ስታስቀምጠው የሽሮው እንፋሎት ወጣ። ሆዴ በዚያ ቅጽበት አያቴን ረሳ።

"ሰው ከሄደ በኋላ ነው የመጣሁት፣ ይቅር በሉኝ" አለች። "ይርጋ፣ ና ጠጋ በል። አፈር ስሆን።"

አባዬ አልተንቀሳቀሰም።

"ለእኔ ብለህ አይደለም። ለእሳቸው ብለህ።"

"የሺ" አለ አባዬ። ድምፁ በጣም ዝቅ ያለ ነበር። "ልኬቱ ሰኞ ያንቺ መሬት ላይ ነው የሚያልቅ። ለክቼ ስጨርስ ቤትሽ መጥቼ እበላለሁ። ቃሌ ነው።"

"ለክተህ ስትጨርስማ ሐዘኑ ያልፋል" አለች።

እቴቴ ሌማቱን ወደ ራሷ ሳበችው። "እኔ እበላዋለሁ። እኔ ሰው ነኝ!" አለች፤ እንጀራውን ቀደደችና አንዱን ለራሷ አንዱን በእኔ አፍ ውስጥ ጨመረች። እንባዋ ሽሮው ላይ ይንጠባጠባል። እኔ በላሁ። አባዬ ተነስቶ ወጣ፤ በዳሱ ቅጠል መሀል ጀርባው ብቻ ይታየኝ ነበር።

ሰኞ ከኮሚቴው ጋር እትዬ የሺ ማሳ ወረድን። በእሷና በአያ ስማቸው መሀል ያለው ወሰን ሣር የበቀለበት ቀጭን ድንበር ነው። በሁለቱ ጫፍ የተተከሉት የድሮ ድንጋዮች አልተነቃነቁም፤ ሽማግሌዎቹም ሁለቱም ወገኖችም በድንጋዮቹ ተስማሙ። አባዬ ገመዱን ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው ወጠረው። ቀጥ ያለ ገመድ ነው። ድንበሩ ግን ቀጥ ያለ አልነበረም። መሀሉ ላይ ሆዱን ወደ አያ ስማቸው ማሳ ገፍቶ ነበር፤ ከዓመት ዓመት በማረሻ የተገፋ ነው፤ የገፋውም የእትዬ የሺ ባል መሆን አለበት። በገመዱና በድንበሩ መሀል በቀረችው ቁራጭ ላይ የጌሾ ተክል ተደርድሯል። እትዬ የሺ በየዓመቱ ጌሾውን ሞጣ እየሸጠች ነው ልጆቿን የምታስተምረው።

አባዬ ገመዱን ከወዲያ ወደዚህ ደግሞ አስወጠረው። እዚያው ነው። አንዱን የኮሚቴ ሰው ከጫፉ አስነስቶ ራሱ ያዘው። እዚያው ነው።  አያ ስማቸው እንኳ ደስ ያላቸው አይመስሉም ነበር፤ የጫማቸውን ጫፍ ያያሉ።

"ጌሾውስ?" አለች እትዬ የሺ።

"ወዲያ ነው፣ የሺ።"

"የተከልነው እኮ እኛ ነን።"

"አውቃለሁ።"

ያን ጊዜ ስለ ገመዱ የነበረኝን ሐሳብ ለመጨረሻ ጊዜ አሰብኩት፤ አባዬ ይህን ያህል ጾሞለት ገመዱ እንዴት መሬቷን ይበላባታል ብዬ። ቁጥሩ ተጻፈ። የኮሚቴው ሰዎች አዲሱን ወሰን ሊቸክሉ ችካሎቹን አመጡ።

አያ ስማቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "በል እንግዲህ ይርጋ" አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ድሮው። "የእኔም አለቀ፣ የእሷም አለቀ። ቤት እንግባ። አባትህን ቀብረህ እህል ሳትቀምስ አትክረም።" ድምፃቸው ውስጥ ሽሙጥ አልነበረም። በጀርባቸው ያዘሉት ልጅ ነው።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አያ ስማቸው። ዛሬ የቀደመ ቃል አለብኝ" አለ አባዬ። ገመዱን ለኮሚቴው ሰዎች ሰጥቶ እጄን ያዘኝና ማሳው ራስ ላይ ወዳለው ቤት፣ ወደ እትዬ የሺ ሄድን።

ከእኛ ቀድማ ገብታ መደቡ ላይ ተቀምጣ ነበር። ስታየን ምን እንደፈለግን አልገባትም።

"ልበላ መጣሁ" አለ አባዬ።

 እትዬ የሺ ተነስታ በጣሳ ውሃ አመጣች፣ እጁን አስታጠበችው፣ የእኔንም። እንጀራ ዘረጋች። የሸክላ ድስቱን ከምድጃው ላይ አውርዳ ሽሮ አወጣች። እሷ አልቀረበችም፤ ጭልፋውን እንደያዘች ምሰሶውን ተደግፋ ቆመች።

አባዬ በላ። ያን ሁሉ ጊዜ በበሶ የኖረ ሰው፣ ፈጥኖ የሚበላ መስሎኝ ነበር። እያንዳንዱን ጉርሻ ብዙ ያኝከዋል፤ ሲውጥ አንገቱ ወደፊት ይሄዳል።

"ጨው አንሶታል?" አለች።

"ደህና ነው።"

ከውጭ ችካል መምታት ጀመሩ። ቤቱ ለማሳው ቅርብ ስለሆነ ምቱ ግድግዳው ላይ ይሰማል። እትዬ የሺ ወደ በሩ አልዞረችም። አንዱ ችካል ገብቶ ድምፁ ሲያቆም ጎንበስ ብላ ሽሮ ጨመረችለት። "በሞቴ" አለች፣ ለእንግዳ እንደሚባለው። አባዬ ቀና ሳይል በላው። ሌላው ችካል ተመታ። ጨመረችለት።